ያረጀ የውሃ ማቆሪያ ኩሬ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጎ መጠገን

ለአርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ፣ ፍኖተ ሰላም

1. መግቢያ

በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በአጎራባች ወረዳዎቻችን ክረምቱ ዝናብ አይነፍገንም። ችግሩ ዝናቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ወርዶ ማለቁ ነው። ማሳው ለላህ፣ ለብር ወይም ለሌላ ወንዝ ቅርብ የሆነ አርሶ አደር በጋውን ጠልፎ ያጠጣል። ከወንዝ የራቀው ግን ያለው አማራጭ በክረምት ያቆረውን ውሃ በቁጠባ መጠቀም ነው።

በክልላችን በ1990ዎቹ አጋማሽ ውሃ የማቆር ሥራ በዘመቻ መልክ በስፋት ተካሂዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከተቆፈሩት ኩሬዎች ብዙዎቹ አገልግሎት መስጠት ያቆሙበት አንዱ ዋና ምክንያት ውሃ ማፍሰሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በጂኦሜምብሬን ፕላስቲክ የተነጠፉ ኩሬዎች በየቀበሌው ተስፋፍተዋል። እነዚህም ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ማፍሰስ ይጀምራሉ። በክትትል ሥራችን በተደጋጋሚ የምናየው ግን ኩሬው ማፍሰስ ስለጀመረ ብቻ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲተወው፣ ወይም ቀዳዳው የት እንዳለ ሳያውቅ በግምት ሲለጥፍ ነው። ሁለቱም ኪሳራ ናቸው።

ጉዳቱ በይበልጥ የሚታየው በበርበሬ አምራቹ ላይ ነው። የበርበሬ ዘር መደብ ላይ የሚዘራው ዝናቡ ሳይገባ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ችግኙ በሰኔና በሐምሌ ወደ ማሳ እስኪዛወር ድረስ የሚያድገው በእጅ በሚጠጣ ውሃ ነው። በጥር ሞልቶ የነበረ ኩሬ በመጋቢት ባዶ ከሆነ የዓመቱ በርበሬ ከመጀመሪያው ተበላሸ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት አንድ ነው፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መፈለግ፣ በመጨረሻ መጠገን። ፍለጋው ኩሬው ሞልቶ ሳለ ይጀመራል፤ ጥገናው ውሃው ሲቀንስ ይከናወናል።

2. ኩሬው በእርግጥ እያፈሰሰ ነው?

የኩሬ ውሃ መቀነሱ ብቻውን ማፍሰሱን አያሳይም። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ብቻ በቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሊወስዱ ይችላሉ። ስለዚህ በትነት የሚሄደውንና በቀዳዳ የሚሄደውን መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ አንድ ባልዲ፣ አንድ ማርከርና ማስመሪያ ይበቃሉ።

አሠራሩ፦

ሀ) ዝናብ የሌለበትን 3 ቀን ይምረጡ። በእነዚህ ቀናት ከኩሬው ውሃ አይቀዳም፣ ከብት አይጠጣም፣ ወደ ኩሬውም ውሃ አይገባም።

ለ) ባልዲውን ከኩሬው አጠገብ ፀሐይና ነፋስ እኩል በሚያገኘው ቦታ እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ይቅበሩ። እስከ አፉ አቅራቢያ ውሃ ይሙሉበትና የውሃውን ልክ በውስጥ በኩል ምልክት ያድርጉ። ውሾችና ከብቶች እንዳይጠጡት በእሾህ ይጠሩት፤ ነገር ግን ጥላ አያድርጉበት።

ሐ) በዚያው ሰዓት የኩሬውን የውሃ ጠርዝ በፕላስቲኩ ላይ በማርከር ያስምሩ።

መ) ከ3 ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ሁለቱንም ይለኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የኩሬው ግድግዳ ዘመም ያለ ስለሆነ በፕላስቲኩ ላይ የሚለካው ርዝመት ውሃው ቀጥታ ወደ ታች ከወረደው ይበልጣል። የግድግዳው አግድም ስፋትና ቁመቱ እኩል ከሆኑ (1 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ 1 ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ) በፕላስቲኩ ላይ የለካነውን ለ1.4 እናካፍላለን። በፕላስቲኩ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ቀጥታው 10 ሳንቲ ሜትር ነው።

ምሳሌ፦ አንድ አርሶ አደር ላዩ 9 ሜትር በ9 ሜትር፣ ታቹ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ አለው እንበል። ይህ ኩሬ ሲሞላ 117 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 117,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ልኬቱ የተወሰደው ውሃው ግማሽ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ነው። በዚህ ከፍታ የውሃው ገጽ 6 ሜትር በ6 ሜትር ስለሚሆን 1 ሳንቲ ሜትር ሲቀንስ 360 ሊትር ውሃ ሄደ ማለት ነው።

- በ3 ቀን በፕላስቲኩ ላይ የወረደው፦ 12.6 ሳንቲ ሜትር
- ቀጥታ ወደ ታች ሲሰላ፦ 9 ሳንቲ ሜትር
- ከባልዲው የቀነሰው፦ 1.5 ሳንቲ ሜትር
- ልዩነቱ፦ 7.5 ሳንቲ ሜትር፣ በቀን 2.5 ሳንቲ ሜትር
- በቀን በቀዳዳ የሚጠፋው ውሃ፦ 900 ሊትር

900 ሊትር 45 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። 1 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ የችግኝ መደብ በቀን 60 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ ይህ አርሶ አደር በየቀኑ የ15 መደብ ውሃ መሬት ውስጥ እያፈሰሰ ነው። በኩሬው የቀረው 31,500 ሊትር ገደማ ነው። በዚሁ ከቀጠለ አንድ ጀሪካን እንኳ ሳይቀዳበት በ5 ሳምንት ገደማ ሊያልቅ ይችላል።

የባልዲውና የኩሬው ልዩነት በቀን ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ኩሬው ደህና ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ጥረቱ መሆን ያለበት ትነትን በመቀነስ፣ ማለትም በኩሬው ላይ ዳስ በመሥራትና በነፋስ በኩል አጥር በማጠር ላይ ነው።

3. የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ

3.1 ውሃው ራሱ ያሳያል

ውሃ ከቀዳዳው በታች ከወረደ በዚያ ቀዳዳ መፍሰሱ ይቆማል። ይህን ቀላል ነገር የያዘ ሰው ኩሬውን ሁሉ መበርበር አያስፈልገውም። ከልኬቱ በኋላ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የውሃውን ጠርዝ ያስምሩ፤ በቀን የወረደውንም በደብተር ይመዝግቡ። ውሃ እየቀዱ ከሆነ የተቀዳውን ጀሪካን ብዛት ጨምረው ይጻፉ።

በየቀኑ የወረደው ለምሳሌ 3፣ 3፣ 2.5፣ 1.5፣ 0.5፣ 0.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ የቀረው ትነት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ያለው በአራተኛው ቀን መስመር አካባቢ ነው። በዚያ መስመር ዙሪያውን እየተራመዱ ከመስመሩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ድረስ በደንብ ማየት ይበቃል።

ውሃው ሳይቆም በተመሳሳይ ፍጥነት እስከ ታች ከወረደ ግን ቀዳዳው ወለሉ ላይ ወይም ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ኩሬ በበጋ አጋማሽ መጠገን ስለማይቻል ውሃውን ሳይጠፋ መጠቀም ይሻላል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ድንች ያለው ሰው አስቀድሞ ያጠጣበት፤ ኩሬው ባዶ ሲሆንም ይጠገናል።

አንዳንድ ጊዜ ከላይና ከታች ሁለት ቀዳዳ ይኖራል። ይህ የሚታወቀው ፍጥነቱ በአንድ ከፍታ ላይ ሲቀንስ፣ ግን ከባልዲው ልክ በላይ ሆኖ ሲቀጥል ነው።

3.2 ከኩሬው ውጭ የሚታዩ ምልክቶች

በበጋ ዙሪያው ደርቆ ሳለ ከኩሬው በታች ባለው ተዳፋት ላይ ለብቻው የለመለመ ሣር፣ ሲረግጡት የሚሰምጥ አፈር ወይም የተኛ ውሃ ካለ በዚያ በኩል ፍሳሽ አለ። ይህ የተኛ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያም ስለሚሆን ቶሎ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ውሃው ሲያንስ ፕላስቲኩ ከታች ተነፍቶ እንደ ሆድ ከተቆዘረ ውሃ ወይም አየር ከሥሩ ገብቷል ማለት ነው። ለማስተንፈስ ብሎ መብሳት ፈጽሞ አይገባም፤ አንድ ቀዳዳ ሁለት ይሆናል።

3.3 በመጀመሪያ የሚታዩ ቦታዎች

- የላይኛው ጠርዝ፦ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ክፍል ነው። እጥፋቶቹ ላይ ይሰነጠቃል።
- ማዕዘኖችና የብየዳ መስመሮች፦ ፕላስቲኩ የተገጣጠመበትን መስመር በጣት እየዳሰሱ ከንፈሩ የተከፈተ መሆኑን ያረጋግጡ።
- ጠርዙ የተቀበረበት ቦይ፦ አይጥና ፍልፈል የሚገቡት በዚህ በኩል ነው። በአጠገቡ ጉድጓድ ወይም አዲስ የተቆለለ አፈር ካለ ያንን ክፍል ይጠራጠሩ።
- የጎርፍ መግቢያ፦ ጎርፍ ያመጣው ጠጠር በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይመታል።
- ውሃ የሚቀዳበት ቦታ፦ የባልዲ ጠርዝ፣ የፓምፕ ቱቦ ጫፍና የሰው እግር ይፈገፍጉታል።
- ባሕር ዛፍ ያለበት አቅጣጫ፦ ሥሩ እርጥበት ተከትሎ ይመጣና ፕላስቲኩን ከሥር ይገፋል።

ጥቃቅን ቀዳዳን ለማረጋገጥ ሸክላ አፈር በውሃ በጥብጠው በጠርሙስ ይያዙ። ውሃው ጸጥ ባለበት ማለዳ፣ ከጠርዝ ሆነው በተጠረጠረው ቦታ አጠገብ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ቀዳዳ ካለ ድፍርሱ ውሃ እንደ ክር ተስቦ ወደዚያ ይገባል፤ ከሌለ ባለበት ይዘረጋል።

4. ጥንቃቄ

በፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ ውስጥ የገባ ሰው በቀላሉ አይወጣም። ፕላስቲኩ ሲርስ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ዋና የሚችል ሰውም የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። በእንዲህ ያሉ ኩሬዎች ሕፃናት፣ አዋቂዎችና ከብቶች ሞተዋል። ስለሆነም፦

- ቀዳዳ ለመፈለግም ሆነ ለመጠገን ማንም ብቻውን አይሂድ።
- ውሃው ከጉልበት በላይ ሳለ ወደ ውስጥ አይገባም። ሥራው ከውሃው ጠርዝ በላይ ይሁን።
- ወደ ተዳፋቱ የሚወርድ ሰው በወገቡ ገመድ ይሰር፤ ገመዱም ከላይ በጠንካራ ችካል ወይም ዛፍ ይታሰር። ሁለተኛው ሰው ገመዱን ይዞ ይቆይ።
- በአንድ ማዕዘን በኩል በየክንዱ የተቋጠረ ወፍራም ገመድ እስከ ወለሉ ድረስ ዘወትር ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። ይህ ገመድ ለጥገና ቀን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል።
- አጥር የሌለው ኩሬ ከመጠገኑ በፊት ይታጠር።

5. ጥገና

5.1 ፕላስቲኩ ለጥገና ይበቃል?

ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ክፍል ይዘው እጥፍ ያድርጉት። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ያ ክፍል ፀሐይ በልቶታል፤ ልጣፍም አይዝበትም። ቀጥሎ ወደ ታች ወረድ ብለው፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚቆየውን ክፍል በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሹ። ላዩ ብቻ ከተበላሸ ፕላስቲኩን መጣል አያስፈልግም። ኩሬው ባዶ ሲሆን ከተበላሸው በታች ባለው ከፍታ ዙሪያውን እርከን ይቆፈርና ደህናው ጠርዝ እዚያ ይቀበራል። ኩሬው ያንሳል፤ ውሃ ግን ይይዛል። ሁለቱም ክፍል ከተሰነጠቀ ለልጣፍ የሚወጣው ገንዘብ ለአዲስ ፕላስቲክ ቢቆጠብ ይሻላል።

5.2 የፕላስቲኩን ዓይነት መለየት

ብዙ ልጣፍ የሚላቀቀው የማጣበቂያው ዓይነት ከፕላስቲኩ ጋር ስለማይስማማ ነው። ከጠርዙ የጥፍር ያህል ቁራጭ ቆርጠው ጥቂት ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ወደ ታች ይጫኑትና ይልቀቁት።

- ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ነው። አብዛኛው ጥቁር ጂኦሜምብሬን ከዚህ ወገን ነው። ሱፐር ግሉ፣ የጎማ ማጣበቂያና የቧንቧ ማጣበቂያ አይዙትም።
- ከሰመጠ ፒቪሲ ሊሆን ይችላል። ለፒቪሲ ሸራ የተሠራ ማጣበቂያ ይይዘዋል።

5.3 የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ አጠጋገን

ዘላቂው ጥገና ብየዳ ነው። በሞቃት አየር መሣሪያ የሚበይድ ሰው እንዲገኝ በቀበሌው የልማት ሠራተኛ በኩል ለወረዳው የመስኖ ባለሙያ ይጠየቅ። የብየዳ ባለሙያ ለአንድ ቀዳዳ ብቻ መጥራት ውድ ስለሆነ ጎረቤታሞች ኩሬዎቻቸውን ለክተው በአንድ ቀን ማስጠገን ይችላሉ። በጋለ ብረት ወይም በእሳት በቤት ውስጥ ለመበየድ መሞከር ግን ፕላስቲኩን አቅልጦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ብየዳ እስኪገኝ ድረስ ወይም ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ሁለቱም ፊቱ የሚጣበቅ የቡቲል ጎማ ቴፕ ይጠቅማል። አሠራሩ፦

ሀ) ቀዳዳው ረጅም ስንጥቅ ከሆነ ጫፎቹን በመቀስ ክብ አድርገው ይቁረጡ። ሹል ጫፍ ያለው ስንጥቅ ከልጣፉ ሥር መቀደዱን ይቀጥላል።

ለ) ከቀዳዳው ሥር ያለውን ይዳስሱ። ድንጋይ ወይም የሥር ቁራጭ ካለ ያውጡ፤ ጉድጓዱን በለሰለሰ አፈር ይሙሉና ይጠቅጥቁ። ይህ ካልተደረገ በዚያው ቦታ እንደገና ይቀደዳል።

ሐ) ዙሪያውን በሳሙና ያጥቡ፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቀው አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉ። እርጥበት ወይም አቧራ ካለ አይጣበቅም።

መ) ከተመሳሳይ ፕላስቲክ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ልጣፍ ይቁረጡ። ማዕዘኖቹን ያክብቡ፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሳል።

ሠ) ቴፑን በቀዳዳው ዙሪያ ክፍተት ሳይኖረው ይለጥፉ፤ ልጣፉን አስቀምጠው ከመሃል ወደ ጠርዝ እየገፉ አየሩን ያስወጡ፤ በደንብ ይጫኑ።

ይህን ሥራ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ ማከናወን ይመረጣል። ፕላስቲክ በቀትር ሙቀት ስለሚለጠጥ በዚያ ሰዓት የተለጠፈ ልጣፍ ማታ ሲሰበሰብ ይጨማደዳል።

5.4 ወለሉን ማጽዳት

ወለል ላይ ያለ ቀዳዳ የሚታየው ደለሉ ሲወጣ ነው። ደለሉን በዶማና በአካፋ ማውጣት አዲስ ቀዳዳ ይፈጥራል። ደለሉ እርጥብ ሳለ በፕላስቲክ ሳህንና በእጅ እየታፈሰ ይውጣ፤ የሚገባውም ሰው ጫማውን ያውልቅ። የወጣው ደለል ለችግኝ መደብ ጥሩ አፈር ነው።

5.5 የሲሚንቶና የሸክላ ኩሬዎች

በሲሚንቶ የተሠራ ኩሬ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ላይ ሲሚንቶ መቀባት አይበቃም። ስንጥቁ በመሮ ሰፋ ተደርጎ ይቦረቦራል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ይሞላል። 7 ቀን ሳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል።

በሸክላ ወይም በዋልካ አፈር የተለሰነ ኩሬ የሚሰነጠቀው ፈጽሞ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ በበጋ መጨረሻም ቢሆን ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ይቅር። የተሰነጠቀው ክፍል ተቆፍሮ በእርጥብ ሸክላ በስስ በስሱ እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ ይሞላል።

6. ምክንያቱን ማስወገድ

ቀዳዳውን ደፍኖ ምክንያቱን የተወ ሰው በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይለጥፋል። በእያንዳንዱ ልጣፍ ልክ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህን የቀደደው ምንድን ነው?

- ጠጠር ከሆነ፦ ከመግቢያው በፊት ደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ይቆፈር፤ በየክረምቱም ይጠረግ።
- ባልዲና ቱቦ ከሆነ፦ በመቅጃው ቦታ ላይ ተጨማሪ ፕላስቲክ ወይም አሮጌ ጎማ ይነጠፍ፤ የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል።
- የከብት ኮቴ ከሆነ፦ ከብት ከኩሬው አይጠጣም፤ ውሃው ተቀድቶ ከአጥር ውጭ በገንዳ ይሰጠዋል።
- አይጥና ፍልፈል ከሆነ፦ ዙሪያው ከሣርና ከቆሻሻ ይጽዳ፣ ጉድጓዶቹ ተደፍነው ይጠቅጠቁ።
- ፀሐይ ከሆነ፦ የተጋለጠው ጠርዝ አፈር ወይም ሣር ይልበስ።

7. የዓመቱ የሥራ ጊዜ

- ጥቅምትና ኅዳር፦ ኩሬው ሞልቶ ሳለ የባልዲ ልኬት ይሠራል፤ ዕለታዊ መስመር ይጀመራል።
- ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ውሃው ከቀዳዳው በታች እንደወረደ የግድግዳው ቀዳዳ ይጠገናል። ለበርበሬ ችግኝ የሚያስፈልገው ውሃ ተሰልቶ ይቀመጣል።
- መጋቢትና ሚያዝያ፦ ውሃው ለችግኝ መደብ ይውላል።
- ግንቦት፦ ኩሬው ሲጎድል ደለሉ ይወጣል፣ ወለሉ ይጠገናል፣ ደለል ማጥመጃው ይጸዳል።
- ከመስከረም በኋላ፦ ልኬቱ እንደገና ይሠራል። የጥገናው ውጤት የሚታወቀው በዚህ ነው።

8. የተግባር ልምምድ

ሠልጣኞች ከ5 እስከ 7 ሆነው በመቧደን በአቅራቢያ ወዳለ አንድ ኩሬ ይሂዱ። ባልዲ ይቅበሩ፣ መስመር ያስምሩ፣ ከ3 ቀን በኋላ ተመልሰው ይለኩ። በቀን የሚጠፋውን ውሃ በጀሪካን አስልተው ለባለቤቱ ይንገሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1) በየቤታችን ካሉት ኩሬዎች መካከል «አያፈስም» የምንለውን በምን አረጋግጠናል?
2) ቀዳዳው ወለል ላይ መሆኑን በታኅሣሥ ብናውቅ የቀረውን ውሃ በምን ላይ እናውለዋለን?
3) በኩሬያችን ውስጥ ዛሬ ልጅ ቢገባ የሚጨብጠው ገመድ አለ?